ከ1992 ጀምሮ ያልተዘጋ መዝገብ፦ በአየር ንብረት ድርድር ከፋዩ ማን ነው?

የጦሳ መምህርት፦

ጤና ይስጥልኝ። በደሴ ከተማ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። 32ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በ2027 በአዲስ አበባ እንዲካሄድ በብራዚሏ ቤሌም ከተማ ከተወሰነ ወዲህ ተማሪዎቼ በየክፍለ ጊዜው ስለ ድርድሩ ይጠይቁኛል። እኔ የምሰጣቸው መልስ እንደማያረካቸው ፊታቸው ላይ አነባለሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስካሁን ስነግራቸው የቆየሁት ባለጸጋዎቹ አገራት አየሩን በክለዋል፣ ድሆቹ ተጎድተዋል፣ ስለዚህም ይደራደራሉ የሚል ነው። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ተማሪ ተነሥቶ፣ ቻይና በዓመት ከየትኛውም አገር በላይ በካይ ጋዝ የምትለቅ ከሆነ ስለ ምን ከእኛ ወገን ትሰለፋለች ሲል ጠየቀኝ። ሌላዋ ደግሞ አቶ መለስ ዜናዊ አፍሪካን ወክለው በ2009ኙ የኮፐንሃገን ጉባኤ የተከራከሩበት በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር የት እንደ ደረሰ ማወቅ ፈለገች። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሦስተኛ ተማሪ፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ከሚከራከሩ ለምን ድምፅ ሰጥተው አይጨርሱትም?» አለ። ሦስቱም መልስ የሚገባቸው ጥያቄዎች ናቸው። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ከቆላማው የወሎ ወረዳዎች የመጡ በመሆናቸው ዝናብ ሲቀር በቤት ውስጥ ምን እንደሚከተል ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ፤ በደፈናው የሚሰጥ መልስ ለእነርሱ አይሆንም። ጉዳዩን በቅርብ የተከታተላችሁ ብታብራሩልኝ ውለታ ትውሉልኛላችሁ።

ታዛቢው፦

ክብርት መምህርት፣ በየዓመቱ ሰኔ ላይ በጀርመኗ ቦን በሚደረጉት የዝግጅት ስብሰባዎች ለበርካታ ዓመታት በታዛቢነት ተቀምጫለሁና የማውቀውን ላካፍልዎ። ስለ ቻይና የጠየቀው ተማሪ የነካው የድርድሩን ማዕከል ነው፤ ከእርሱ ልጀምር።

በ1992 የድርድሩ መሠረት የሆነው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነት ሲጸድቅ አገራት በአባሪ ዝርዝሮች ተከፈሉ። አባሪ አንድ በኢንዱስትሪ የበለጸጉትንና የቀድሞዎቹን የምሥራቅ አውሮፓ ሶሻሊስት አገራት ያዘ። አባሪ ሁለት ከእነዚህ መካከል ገንዘብ የማቅረብ ግዴታ ያለባቸውን፣ ይኸውም በጊዜው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት አባል የነበሩትን 24 አገራትና የአውሮፓን ማኅበረሰብ ለይቶ አስቀመጠ። ከዝርዝሮቹ ውጭ የቀረው ሁሉ «በማደግ ላይ ያለ» ተባለ። በዚህ ምክንያት ኢትዮጵያ፣ ቻይና፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ሲንጋፖር፣ ደቡብ ኮሪያና ኳታር በአንድ ረድፍ ተቀመጡ፤ ዛሬም እዚያው ናቸው።

ለተማሪዎችዎ በዕድር መዝገብ ቢያስረዷቸው የሚቀላቸው ይመስለኛል። አንድ ዕድር ከሠላሳ ዓመት በፊት ሲቋቋም እነዚህ 24 አባወራዎች ይከፍላሉ፣ የቀሩት ይረዳሉ ብሎ ስማቸውን በመዝገብ አሰፈረ እንበል። ከተረጂዎቹ አንዳንዶቹ በኋላ ፎቅ ሠሩ፣ የጭነት መኪና ገዙ፤ መዝገቡ ግን እንዳለ ቆየ፣ ምክንያቱም እርሱን ለመለወጥ የሁሉም ፈቃድ ያስፈልጋል። ከፋዮቹ «መዝገቡ ይታደስ» ይላሉ፤ ፎቅ የሠሩት «ደንባችን ይከበር» ይላሉ፤ ምንም ያልሠራው ድሃ ደግሞ ባለፎቆቹ ከጎኑ ሲሆኑ ድምፁ ስለሚሰማለት እነርሱን ማስቀየም አይፈልግም። ምሳሌው አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ይህ ዕድር የተቋቋመው ከፋዮቹ ራሳቸው በመንደሩ ላይ ባደረሱት ጉዳት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በከባቢ አየር ውስጥ ለመቶዎች ዓመታት ስለሚቆይ ዛሬ ምድርን የሚያሞቀው የዘንድሮው ጭስ ብቻ አይደለም። ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ ከተለቀቀው ድምር አንድ አራተኛ የሚሆነው የአሜሪካ ድርሻ ነው፤ የመላው አፍሪካ ድርሻ 3 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ቻይና «የታሪክ ዕዳ አለባችሁ» ስትል ባዶ ክርክር እያቀረበች አይደለም፤ ምዕራባውያኑም «ከዓለም ዓመታዊ ልቀት ሲሶ ገደማ የእናንተ ነው» ሲሉ እንዲሁ። ድርድሩ ይህን ያህል ዘመን የወሰደው ሁለቱም ወገን እውነት ስላለው ነው።

መዝገቡ ፈጽሞ አልተነካም ማለት አይደለም። ቱርክ ለዓመታት ተሟግታ በ2001 ከአባሪ ሁለት ወጥታለች፤ ሆኖም በአባሪ አንድ መቅረቷ ስላላረካት የፓሪስን ስምምነት ያጸደቀችው ዘግይታ በ2021 ነው። ይህች አገር አሁን 31ኛውን ጉባኤ በአንታልያ የምታስተናግድ ናት።

የክፍፍሉ የመጀመሪያ ውጤት የ1997ቱ የኪዮቶ ፕሮቶኮል ነበር፤ ልቀትን በቁጥር የመቀነስ ግዴታ የተጣለው በአባሪ አንድ አገራት ላይ ብቻ ነው። የአሜሪካ ሴኔት ገና ፕሮቶኮሉ ሳይጸድቅ፣ በማደግ ላይ ያሉትን የማያካትት ስምምነት እንደማይቀበል 95 ለ0 በሆነ ድምፅ ውሳኔ አሳልፎ ነበርና አሜሪካ ፈርማ ሳታጸድቀው ቀረች። ካናዳም በ2011 መውጣቷን አስታወቀች። በፓሪስ በ2015 መንገዱ ተለወጠ፤ እያንዳንዱ አገር የራሱን ዕቅድ ራሱ ወስኖ ያቀርባል ተባለ፣ «የጋራ ነገር ግን የተለያየ ኃላፊነት» የሚለው ነባር መርሕ ላይም «ከተለያዩ አገራዊ ሁኔታዎች አንጻር» የሚል ሐረግ ተጨመረ። ይህ ሐረግ አስቀድሞ በኅዳር 2014 በአሜሪካና በቻይና የጋራ መግለጫ ውስጥ የተጻፈ ነበር። ስለ ልቀት ቅነሳ ያለው ግድግዳ በዚህ መልክ ዝቅ አለ። ስለ ገንዘብ ያለው ግን አልተነካም፤ እስከ ዛሬም የሚያጋጨው እርሱ ነው።

በ2024 በአዘርባጃኗ ባኩ በተካሄደው ጉባኤ የሆነው ይህን ያሳያል። በማደግ ላይ ያሉት አገራት በዓመት 1.3 ትሪሊዮን ዶላር ጠየቁ። የተወሰነው ግን በ2035 በዓመት ቢያንስ 300 ቢሊዮን፣ የበለጸጉት አገራት «መሪነቱን ይዘው» እንዲሰበሰብ ነው፤ 1.3 ትሪሊዮኑ ሁሉም ወገን ሊሠራበት የሚገባ ጥሪ ተብሎ ከጎኑ ተቀመጠ። ቻይናን የመሰሉት በፈቃደኝነት እንዲያዋጡ ይበረታታሉ፤ የሚሰጡት ግን ግዴታ አይሆንም። ቻይና በዚያው ጉባኤ ከ2016 ወዲህ 177 ቢሊዮን ዩዋን ማቅረቧንና ማሰባሰቧን ገልጻለች። ቁጥሩን በይፋ መናገሯ አዲስ ነገር ነበር፤ ከፋይ ተብላ ግን በመዝገብ መስፈርን እስከ መጨረሻው አልተቀበለችም።

ስለ ድምፅ አሰጣጡ አጭር መልስ አለ። የጉባኤው የሥነ ሥርዓት ደንብ ከ1995ቱ የመጀመሪያ ጉባኤ ጀምሮ ረቂቅ ሆኖ ቀርቷል፤ ስለ ድምፅ አሰጣጥ የሚናገረው አንቀጽ ላይ አገራት ስላልተስማሙ ከእርሱ በቀር ያለው ብቻ ይሠራበታል። ስለዚህ ሁሉም ነገር በጋራ መግባባት ይወሰናል። መግባባት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ውሳኔ መጽደቁን የሚያበስረውን መዶሻ የያዘው ሊቀ መንበር ይወስናል። በ2010 በካንኩን ቦሊቪያ አልስማማም እያለች የሜክሲኮዋ ሊቀ መንበር ፓትሪሺያ ኤስፒኖሳ አንድ አገር የሁሉንም ስምምነት ሊሽር አይችልም ብለው ውሳኔውን አጽድቀዋል። በባኩም ህንድ ተቃውሞዋን ያሰማችው መዶሻው ከወረደ በኋላ ነው።

ከማልሞ፦

ታዛቢው ያቀረቡት ትክክል ቢሆንም፣ አንባቢ «የደቡቡ ወገን አንድ ነው» ብሎ እንዳይረዳ እሰጋለሁና ጥቂት ልጨምር። ቡድን 77ና ቻይና በማደግ ላይ ያሉ አገራት በአንድነት የሚደራደሩበት፣ 134 አባላት ያሉት ጥላ ነው፤ ከጥላው ሥር ያለው ልዩነት በሰሜንና በደቡብ መካከል ካለው አንዳንዴ ይሰፋል።

የትናንሽ ደሴት አገራት ጥምረት የዓለም ሙቀት ከ1.5 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳያልፍ የሚታገለው ማለፉ ለአንዳንዶቹ አባላቱ የአገር መጥፋት በመሆኑ ነው። በዚያው ጥላ ሥር የተቀመጡት የዓረብ ነዳጅ አምራቾች ደግሞ የቅሪተ አካል ነዳጅን በስም የሚጠራ ጽሑፍ በመጣ ቁጥር ይቃወማሉ፤ በባኩ የዓረብ ቡድን አንድን የኢኮኖሚ ዘርፍ ለይቶ የሚያነጣጥር ጽሑፍ እንደማይቀበል በግልጽ ተናግሯል። በ2021 በግላስጎው በመጨረሻው ሰዓት የድንጋይ ከሰልን «ማስቀረት» የሚለው ቃል «ደረጃ በደረጃ መቀነስ» ወደሚለው እንዲለወጥ የጠየቀችው ህንድ ናት፤ ቻይናም ደግፋታለች፤ የጉባኤው ፕሬዚዳንት አሎክ ሻርማ ይቅርታ ሲጠይቁ እንባ ተናነቃቸው። የማርሻል ደሴቶችና የፊጂ ተወካዮች በዚያ አዳራሽ የተከፉት በአውሮፓ ላይ ብቻ አልነበረም። ህንድ በበኩሏ፣ ጋዝና ዘይት ሳይነሡ ለብርሃን የምትጠቀምበት ከሰል ብቻ ለምን ተለየ ብላ መጠየቋ ተገቢ እንደ ነበር አምናለሁ።

እኛን የሚነካ ሌላ ልዩነትም አለ። የአፍሪካ ቡድን «የአፍሪካ ልዩ ፍላጎትና ሁኔታ» የሚል አጀንዳ እንዲያዝለት በተከታታይ ጉባኤዎች አመልክቶ አልተሳካለትም። የከለከሉት ባለጸጋዎቹ ብቻ አይደሉም፤ የላቲን አሜሪካ አገራት «እኛም ለአደጋው የተጋለጥን ነን» በማለት ተቃውመዋል። በባኩ የመጨረሻ ሰዓታትም በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ያሉ አገራትና የደሴት አገራቱ ከምክክሩ ረግጠው ሲወጡ ምክንያታቸው የገንዘቡ ማነስ ብቻ አልነበረም። ከሚገኘው ላይ ለራሳቸው የተለየ ድርሻ፣ ለመጀመሪያዎቹ 220 ቢሊዮን፣ ለሁለተኞቹ 39 ቢሊዮን ዶላር፣ እንዲመደብ ጠይቀው ነበር፤ ይህን ጥያቄ ሌሎች በማደግ ላይ ያሉ አገራት አልወደዱትም።

ኢትዮጵያ በአንድ ጊዜ የአፍሪካ ቡድን፣ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ያሉ አገራት ቡድንና የቡድን 77 አባል ናት፤ በ2017 እና በ2018 ሁለተኛውን ቡድን በሊቀ መንበርነት መርታለች። አስተናጋጅ ስትሆን እነዚህ ጥቅሞች የሚጋጩበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። ይህን የምጽፈው አገሬን ለመውቀስ ሳይሆን ከወዲሁ እንዲታሰብበት ስለምሻ ነው።

አውሮፓ ውስጥ ስለምኖር አንድ ነገር ልጨምር። ከድርድሩ አዳራሽ ውጭ የሚወጡ ሕጎችም አዲስ መለያያ ሆነዋል። የአውሮፓ ኅብረት በብረት፣ በሲሚንቶ፣ በአሉሚኒየምና በማዳበሪያ ላይ በድንበር የሚያስከፍለው የካርቦን ዋጋ ህንድንና ቻይናን አስቆጥቷል። ከተጨፈጨፈ ደን የመጡ ምርቶች ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገቡ የሚከለክለው ሌላው ሕግ ደግሞ፣ ተፈጻሚነቱ በተደጋጋሚ ቢራዘምም፣ የሲዳማና የጅማ ቡና አምራች ማሳው ከ2020 መጨረሻ በኋላ ከተመነጠረ ደን ላይ አለመሆኑን በመሬቱ መገኛ ነጥብ እንዲረጋገጥለት ይጠይቃል። ከአንድ ሄክታር በታች የሆነች የጓሮ ቡና ያለው ገበሬ በብራስልስ ለተጻፈ ሕግ ማስረጃ አቅራቢ ሆነ ማለት ነው። ደኑ መጠበቅ እንዳለበት ሳልጠራጠር፣ የማስረጃው ወጪ ማን ላይ እንደ ወደቀ ግን ዝም ማለት አልችልም።

ሒሳብ ሠሪ፦

ሁለተኛዋ ተማሪ የጠየቀችው የ100 ቢሊዮኑ ጉዳይ እስካሁን አልተመለሰም፤ ሙያዬ ሒሳብ ስለሆነ እርሱን እኔ ልውሰደው።

የበለጸጉት አገራት ቃሉን የገቡት በ2009 ሲሆን መሙላት የነበረበት በ2020 ነው። በኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ቆጠራ መሠረት በ2020 የቀረበው 83.3 ቢሊዮን፣ በ2021 ደግሞ 89.6 ቢሊዮን ነበር፤ ግቡ የተመታው ሁለት ዓመት ዘግይቶ በ2022 ሲሆን መጠኑ 115.9 ቢሊዮን ደርሷል። ስለዚህ ለተማሪዋ «ተከፍሏል» ብሎ መመለስ ይቻላል። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ ከመንግሥታትና ከልማት ባንኮች የመጣው 91.6 ቢሊዮን ነው፤ ከእርሱም 69 በመቶው ብድር፣ 28 በመቶው ብቻ የማይመለስ ዕርዳታ ነው። ብድሩ የሚቆጠረው በሙሉ መጠኑ ነው፤ ይኸውም ነገ ከነወለዱ የሚመለስ አንድ ሚሊዮንና ለዘለቄታው የተሰጠ አንድ ሚሊዮን በዚህ መዝገብ ላይ እኩል ናቸው። የአየር ንብረት ፋይናንስ ምን እንደሆነ ሁሉም የተስማማበት ትርጉም ስለሌለም እያንዳንዱ ሰጪ የመሰለውን ይመዘግባል። ጃፓን በባንግላዴሽ ለድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ያበደረችውን ጭምር በዚህ ሥር ማስመዝገቧ ይታወቃል።

ለእኛ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር የዩሮ ቦንድ ወለድ መክፈል አቅቷት ከአበዳሪዎቿ ጋር ወደ ድርድር የገባች አገር ናት። ድርቅን ለመቋቋም ጉድጓድ ቆፍሩ ተብሎ የሚሰጥ ብድር፣ ጉድጓዱ ገቢ ስለማያስገኝ፣ የሚከፈለው ከጤናና ከትምህርት በጀት ተቀንሶ ነው። የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ኤሌክትሪክ ሸጦ ዕዳውን ይከፍላል፤ የእርከን ሥራ፣ የጎርፍ መከላከያ ግንብ፣ የከብት መኖ ክምችት ግን ለማን ይሸጣል? ገንዘቡ ወደ ልቀት ቅነሳ አዘንብሎ ከአየር ንብረት ለውጡ ጋር ለመላመድ የሚሰጠው የሚያንሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ በ2022 ለመላመድ የዋለው 32.4 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። በቤሌም ይህ ገንዘብ በ2035 ሦስት እጥፍ እንዲሆን ጥሪ ተላልፏል። እኔ ግን ቁጥሩ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዕዳውም ሦስት እጥፍ እንዳይሆን የሚከለክል ዓረፍተ ነገር በጽሑፉ ውስጥ አላገኘሁም፤ የሚያስጨንቀኝም እርሱ ነው።

የጦሳ መምህርት፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዕድሩን ምሳሌ ዛሬ ጠዋት ተጠቅሜበት ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ደወል እስኪደወል ድረስ ተከራከረ። አንድ ነገር ግን ልመለስበት። በ2009 አፍሪካውያን መሪዎች ካሳ ጠይቀው እንደ ነበር አንብቤያለሁ፤ በመጨረሻ ብድር ከሆነ የተሰጠው፣ ካሳ የሚለው ቃል የት ላይ ነው የጠፋው?

የቀድሞ ዘጋቢ፦

እኅቴ፣ በዚያ ታኅሣሥ በኮፐንሃገን ቤላ ማዕከል ነበርኩና ያየሁትን ልንገርዎ።

የአፍሪካ ኅብረት በዚያ ዓመት አህጉሪቱ በአንድ ድምፅ እንድትናገር የመሪዎች ኮሚቴ አቋቁሞ አቶ መለስን ሰብሳቢ አድርጎ ነበር። በመስከረም አዲስ አበባ ላይ፣ ጥቅማችንን የሚጎዳ ስምምነት ከቀረበልን ረግጠን ለመውጣት ዝግጁ ነን ሲሉ ብዙዎቻችን ኮርተናል። በታኅሣሥ ግን ጉባኤው እየተካሄደ ሳለ ፓሪስ ላይ ከፕሬዚዳንት ሳርኮዚ ጋር የጋራ አቋም አሳወቁ፤ ከዚያም ኮፐንሃገን መጥተው ለሦስት ዓመት በየዓመቱ 10 ቢሊዮን፣ በ2015 በዓመት 50 ቢሊዮን፣ በ2020 ደግሞ 100 ቢሊዮን ዶላር የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በዚያው ንግግር ስለ ፍትሕ ብለው ሙሉ ካሳ ለሚጠይቁ አፍሪካውያን ሐሳቡ ቅሬታ እንደሚፈጥር ራሳቸው ተናግረዋል። የቡድን 77 ቃል አቀባይ የነበሩት ሱዳናዊው ሉሙምባ ዲ አፒንግ የጉባኤውን ውጤት አፍሪካን ለሞት የሚያስፈርም አድርገው አወገዙት። በአቶ መለስ ንግግር ማግስት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሂላሪ ክሊንተን መጥተው አገራቸው 100 ቢሊዮኑን ከሌሎች ጋር «ለማሰባሰብ» እንደምትሠራ አስታወቁ።

«ማሰባሰብ» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉ። «መስጠት» አላሉም። በስምምነቱም ላይ ገንዘቡ ከመንግሥት፣ ከግል፣ ከሁለትዮሽና ከአማራጭ ምንጮች ይመጣል ተብሎ ተጻፈ። ሒሳብ ሠሪ የዘረዘሩት ሁሉ፣ ብድሩም የግሉ ገንዘብም፣ የገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በሁለት ሌሊት ጥድፊያ የተጻፈ ጽሑፍ ነበርና ጉባኤው እንኳ «ተመልክቶታል» ተባለ እንጂ አላጸደቀውም።

እኔ በወቅቱ በአቶ መለስ አቋም አዝኜ ነበር፤ ዛሬም ካሳ የሚለውን ቃል ገበያው ሳይከፈት መተዋቸው ልክ አልነበረም እላለሁ።

ታዛቢው፦

ከዘጋቢው ጋር በአንድ ነጥብ አልስማማም። ካሳ የሚለው ቃል በኮፐንሃገን ተይዞ ቢቀር ኖሮ 100 ቢሊዮን የሚል ቁጥር አይኖርም ነበር፤ ቁጥር ከሌለ ደግሞ በየዓመቱ «አልሞላችሁም» ብሎ የሚጠይቅ ወገን አይኖርም። በባኩ 300 ቢሊዮን ላይ የተደረሰው የ2009ኙ ቁጥር መነሻ ስለሆነ ነው። ቃሉን በሕግ የዘጋው ደግሞ ኮፐንሃገን ሳይሆን ፓሪስ ነው። በ2015 የአየር ንብረት ለውጥ ስለሚያደርሰው ጉዳትና ኪሳራ አንቀጽ 8 ሲገባ፣ አሜሪካ ባቀረበችው ግፊት በተጓዳኙ ውሳኔ ቁጥር 51 ላይ ይህ አንቀጽ ለተጠያቂነትም ሆነ ለካሳ መሠረት አይሆንም ተብሎ ተጻፈ።

ይሁንና በሩ እንደ ተዘጋ አልቀረም። ቫኑዋቱ በደሴቶቹ ጥምረት ስም ጉዳዩን ያነሣችው በ1991 ነው፤ የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ በሻርም ኤል ሼክ የተወሰነው በ2022፣ በዱባይ ሥራ እንዲጀምር የተደረገው በ2023 ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ወስዷል። በዱባይ ቃል የተገባለት 700 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን አሜሪካ የገባችው 17.5 ሚሊዮን ብቻ ነበር። በዝርዝሩ ውስጥ የሌለችው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ግን ልክ እንደ ጀርመን 100 ሚሊዮን ለመስጠት ቃል ገባች፤ መዝገቡ ሳይለወጥ ልማዱ መለወጥ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። በሐምሌ 2025 ደግሞ የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት፣ ያችው ቫኑዋቱ ባስተባበረችው ጥያቄ፣ አገራት አየር ንብረትን የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ እንዳለባቸውና ግዴታቸውን የጣሱት ካሳ እስከመክፈል ሊደርሱ እንደሚችሉ ምክረ አስተያየት ሰጥቷል። አንድ አገር የበለጸገ ወይም በማደግ ላይ ያለ መሆኑ ለዘለዓለም የተወሰነ እንዳልሆነም ተናግሯል። ከእነዚህ ሁለት ነጥቦች የመጀመሪያው ምዕራባውያኑን፣ ሁለተኛው ቻይናን ያስጨንቃል።

የቃላት ነገር ከተነሣ ለተማሪዎችዎ የሚሆን አንድ ታሪክ አለኝ። በፓሪስ የመጨረሻ ቀን፣ የበለጸጉት አገራት ልቀትን በመቀነስ ረገድ መሪነታቸውን እንዲቀጥሉ በሚያዝዘው አንቀጽ 4 ላይ ግዴታን የሚያመለክት ግስ ገብቶ ተገኘ። የአሜሪካ ልዑካን ይህ ከቀረ ስምምነቱ ወደ ሴኔት መሄድ አለበት፣ ሴኔት ደግሞ አያጸድቀውም ብለው ሥራው ለሰዓታት ቆመ። በመጨረሻ ግሱ የጽሕፈት ስሕተት ተብሎ ታረመ። በእኛ የሕግ አጻጻፍ «ይቀጥላሉ» ማለትና «ሊቀጥሉ ይገባል» ማለት ያላቸውን ልዩነት አስቡት፤ የመጀመሪያው ያስራል፣ ሁለተኛው ይመክራል። አሜሪካ ያን ያህል ጥንቃቄ አድርጋ እንኳ ከስምምነቱ ሁለት ጊዜ ለመውጣት ወስናለች፤ የመጀመሪያው በኅዳር 2020 ተፈጻሚ ሆኖ በየካቲት 2021 ተመልሳለች፣ ሁለተኛው በጥር 2025 የታዘዘ ነው።

ከማልሞ፦

መምህርት፣ በክፍል ውስጥ የድርድር ልምምድ ለማድረግ ካሰቡ አንድ ምክር ልስጥ። ኢትዮጵያን በአንድ ወንበር አያስቀምጧት። ኢትዮጵያን የሚወክለው ልጅ ከአፍሪካ ቡድን ምክክር ተነሥቶ ወደ ዝቅተኛ ዕድገት አገራት፣ ከዚያ ወደ ቡድን 77 እየተመላለሰ በየቦታው የሚለው እንዳይጋጭበት ይሞክረው። በተጨማሪም አስተናጋጅ የሚሆን ሌላ ተማሪ ይሰይሙና መዶሻውን ይስጡት፤ አስተናጋጅ ሆኖ የራስን ወገን መደገፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

የጦሳ መምህርት፦

እንዲሁ አደርጋለሁ። 52 ተማሪዎች ስላሉኝ በሰባት ቡድን ከፍያቸዋለሁ፤ ስለ ቻይና የጠየቀው ልጅ ቻይናን፣ ድምፅ ይሰጥ ያለው ደግሞ መዶሻውን ይይዛል። ታዛቢው በውስጥ መልእክት፣ ያልተስማሙበት ቃል በድርድር ጽሑፍ ላይ በቅንፍ እንደሚቀመጥና ቅንፉ ሲነሣ ስምምነት እንደሚሆን ስለ ነገሩኝ፣ ለመጪው ሐሙስ በጥቁር ሰሌዳው ላይ የምጽፍላቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ በ80 ደቂቃ ውስጥ ቅንፎቹን ካነሡ ውጤቱን እዚሁ አሳውቃችኋለሁ፦

«[የበለጸጉ አገራት] [አቅም ያላቸው አገራት ሁሉ] በድርቅ ለተጎዱ አገራት በየዓመቱ [ዕርዳታ] [ገንዘብ] [ይሰጣሉ] [ያሰባስባሉ] [ሊያሰባስቡ ይገባል]።»